«በስሙ ጥራው» ይሉን የነበሩት አሰልጣኝ ለሚ

በሱሉልታ ሜዳ ከኋላቸው ተሰልፋችሁ የሮጣችሁ፣ በቡራዩና በሰበታ ትምህርት ቤቶች እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያስተምሩ ያያችኋቸው፣ ወይም በጎጃም መንገድ ዳር ቆመው ለሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ ሰላምታ ሲሰጡ የምታውቋቸው ወዳጆች ሁሉ፣ አሰልጣኛችን ለሚ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከጠዋት ልምምድ ተመልሰው ቁርስ ሊበሉ በተቀመጡበት ልባቸው ደከመ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ። ባለቤታቸው እንደነገሩን የመጨረሻ ቃላቸው «ልጆቹ ዛሬ ዳገቱን እንዴት እንደወጡት ብታዪ!» የሚል ነበር። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፣ ወዲያውም ሳቅሁ። እኚህ ሰው ደስታቸውን ለሰው ሳይናገሩ ቁርስ እንኳ አይወርድላቸውም ነበር።

እኔ ትዕግስት እባላለሁ፤ ከተማሪዎቻቸው አንዷ ነኝ። ዛሬ ቡራዩ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለብኝ፤ አንድ ሰሞን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ያበርራል፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ አውርዶ አልጋ ላይ ይጥላል። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ስለ እሳቸው ሳወራ ስለምፈጥን ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች እንዲህ ስጣደፍ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። አይዟችሁ! ትናንት ጥሩ አድርጌ ተኝቻለሁ፣ መድኃኒቴንም ውጫለሁ። እሳቸውን የመሰለ ሰው አውቄ ቀስ ብዬ ማውራት ስለማልችል ብቻ ነው። ስሜም ያስቃቸው ነበር፤ «ትዕግስት ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰው መጥቶ በዓይኑ ይይሽ!» ይሉኝ ነበር።

ለማታውቋቸው ትንሽ ልበል። ረዥም፣ ቀጭን፣ የቱታቸው ጉልበት የተጣፈ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ሮጠዋል። ስለ ውጤታቸው የሚጠይቃቸው ከጠፋ ራሳቸው ያነሱታል፤ «በአራተኛነት የሚደርስብኝ አልነበረም! እነዚያ ሦስት ሰዎች ባይፈጠሩ ኖሮ እስከ ዛሬ አንደኛ ነበርኩ» ይሉና ከሁላችንም በላይ ራሳቸው ይስቃሉ። የጃኬታቸው ኪስ ሁልጊዜ በተቀቀለ ድንች ያበጠ ነው። ቁርስ ሳይበላ የመጣን ልጅ ከፊቱ ያውቁታል። «እስቲ ይሄን ያዝልኝ፣ ኪሴን ከበደኝ» ብለው ይሰጡታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድንቹ አይጠይቁትም። በሳቸው ሜዳ ማንም ልጅ እየተሳቀቀ አልበላም። እግሩ ያደገ ልጅ ጫማውን ለታናሹ ያወርሳል፤ ሲያወርስም በጭብጨባ ነው። የተጨበጨበለት ጫማ ደግሞ ማንም አሮጌ ነው አይለውም።

ጠዋት ሜዳ ስንደርስ አንድ በአንድ እጃችንን ይጨብጡና በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ይሉናል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። እንደ አገሩ ልማድ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ልናልፍ ስንል እጃችንን አይለቁም። «እሱንማ አመሰገንሽ፣ ጥሩ አደረግሽ። አንቺስ? ተኛሽ? ከመቼ እስከ መቼ ተኛሽ? ስትነሺ ሆድሽ ምን አለሽ?» አዲስ የመጣ ልጅ የሚቀልዱ ይመስለው ነበር። እሳቸው ግን ሰላምታን እንደ እውነተኛ ጥያቄ የሚያዩ፣ መልስ ሳያገኙም የማይለቁ ሰው ነበሩ። ሌላው አሰልጣኝ ሰዓቱን ይዞ ዙር ሲቆጥር እሳቸው እንቅልፋችንን ይቆጥራሉ። እንቅልፉ ያነሰ ልጅ ከጎናቸው ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሮጥም። ይህ ድንጋይ ነው እንግዲህ እኔና እሳቸውን ያጣላን።

እናቴና እኔ ከአዲስ አበባ ሱሉልታ የመጣነው ቤት ኪራዩ ቀለል ይላል ብለን ነው። እናቴ መንገድ ዳር ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፈተች። እኔ በአካባቢው ልጅ ሁሉ እንደሚያደርገው ቱታ ለብሼ ሜዳ ወረድኩ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በበጋው፣ አንድ ነገር ገባብኝ። እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ ግን አልደከመኝም። ጎህ ሲቀድ እሮጣለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሮጣለሁ፣ እናቴ ሱቅ ስትዘጋ ደግሞ ቤት አድርሻት ተመልሼ እሮጣለሁ። አፌ ከእግሬ ይቀድማል። አዲሱን ሹራቤን አውልቄ መንገድ ላይ ላገኘኋት ልጅ ሰጠሁ። በዚያው ዓመት የዓለም ክብረ ወሰን እንደምሰብር ለቡድኑ ሁሉ አስታወቅሁ። ይህም አልበቃኝ ብሎ ለሱሉልታ ስታዲየም ልሠራ ተነሳሁ። የአንድ አዛውንት ገበሬ የገብስ ማሳ መሀል ገብቼ የክብር እንግዶች የሚቀመጡበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አንስተው «እሺ ልጄ፣ እህሉን እስክሰበስብ ብቻ ታገሺኝ» አሉኝ።

ዛሬ ስናወራው እንስቃለን። ያኔ ግን ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልደነገጠም። በሱሉልታ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ልጅ ይመረቃል እንጂ ሐኪም አይታዘዝለትም። ሌላ ከተማ ብሆን ኖሮ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ይባል ነበር። እዚህ ግን እንቅልፍ አጥቶ መሮጥ ጉብዝና ነው። «እሳት የላሰች ልጅ!» ይላል ጎረቤቱ። የእናቴ ደንበኞች ሱቁ በር ላይ ቆመው እንኳን ደስ ያለሽ ይሏታል። ለልጇ ከፍ ማለት ስትጸልይ የኖረች ሴት ጸሎቷ የተሰማ መሰላት፤ ማን ይፈርድባታል?

አንድ ጠዋት አሰልጣኝ ለሚ እጄን ጨብጠው እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። «እንቅልፍ ለሰነፍ ነው፣ ኮች!» አልኳቸው። ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ዓይኔን አዩ፣ እጄን ሳይለቁ ወስደው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡኝ። «ዛሬ አትሮጪም፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

ተነስቼ በሰው ሁሉ ፊት ጮህኩባቸው። «እርስዎ አራተኛ ወጥተው የቀሩ ሰው ነዎት! እንደኔ ዓይነት ሯጭ አይተው አያውቁም!»

«እውነትሽን ነው» አሉኝ በእርጋታ። «እንዳንቺ ዓይነት አይቼ አላውቅም። የፈራሁትም ለዚህ ነው።»

በዚያው ቀን እናቴ ሱቅ ሄዱ። እናቴን በኦሮምኛው የአክብሮት ጥሪ «አዴ አበባ» ነበር የሚሏት። «አዴ አበባ፣ ልጅቷ የታመመች ይመስለኛል። እንቅልፍ የላትም። ሐኪም ይያት» አሏት። እናቴ የምታጥፈውን ልብስ አስቀምጣ ቀና አለች። «ታማለች? እንደ ፈረስ የምትጋልበውን ልጄን ነው ታማለች የሚሉኝ? ወይ ጉድ! የጎበዝ ልጅ ጠላቱ ብዙ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ አሰልጣኙ ራሱ ነው ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።» እሳቸው አልተቆጡም። በማግሥቱም መጡ፣ ከዚያም በኋላ መጡ። በመጨረሻ እናቴ በቃኝ አለቻቸው፤ እኔም ከሳቸው ቡድን ወጥቼ ብቻዬን መሮጥ ጀመርኩ።

ክረምቱ ሲገባ ወደቅሁ። እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ያ ሁሉ እሳት ጠፋና እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ከአልጋ መነሳት፣ ፊት መታጠብ፣ አንድ ጉርሻ መዋጥ ዳገት ሆነ። ሲያመሰግነኝ የነበረው ሰው በሁለት ተከፈለ፤ እኩሉ «ዓይን በላት»፣ እኩሉ «ጥጋብ ነበር፣ በረደላት» አለ። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች መልካም ነበሩ፣ ውስጤ ግን አልተመለሰም። ለጎረቤት የምንነግረው ጨጓራ ነው ብለን ነበር። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ደጎች ናቸውና ተልባ እየወቀጡ ይልኩልናል። የሌለብኝን ጨጓራ ለማከም የጠጣሁት ተልባ አንድ ከብት ያሰባ ነበር! በዚያ ሁሉ መሀል ግን እኔ ስለ ሞት እያሰብኩ ነበር። ብሞት ሁሉም የሚያርፍ መስሎ ይታየኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም።

ዝናብ በሚወርድበት አንድ ቀን በር ተንኳኳ። አሰልጣኝ ለሚ ጫማቸው ጭቃ ተሸክሞ፣ ከራስ እስከ እግራቸው ርሰው ቆመዋል። እናቴ የተቀየመቻቸው ብትሆንም በዝናብ የመጣን እንግዳ ደጅ ማቆም አታውቅበትም። ገብተው ከአልጋዬ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ስለ ቡድኑ አወሩ፤ ማን ሜዳው ላይ እንደተንሸራተተ፣ ማን ሁለት የቀኝ እግር ጫማ አድርጎ እንደመጣ። አልሳቅሁም። ጠጋ ብለው፣ ሌላውን ሁሉ በሚያወሩበት ድምፅ፣ «ትዕግስት፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

እናቴ ከወዲያ ተስፈንጥራ መጣች። «ኧረ ክፉ አያሰማን! በማርያም! በቤቴ ውስጥ ምን ዓይነት ሟርት ነው? እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይነገራል? ያላሰበችውን ሊያሳስቧት ነው?»

«አዴ አበባ፣ ምሳ የጋበዙት ሰው እንኳ ካልራበው አይበላም፤ ያላሰበም ስለተጠየቀ አያስብም» አሏት ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ። «ተይኝ፣ ትመልስልኝ።»

እኔም «አዎ» አልኩ። አንድ ቃል ብቻ! ቀኑን ሙሉ ሲጨመድድ የዋለ ጠባብ ጫማ ሲወልቅ የሚሰማ ስሜት አለ፤ የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል። እንደዚያ ነበር። ማልቀስ ካቃተኝ ሰንብቶ ነበር፤ ያን ዕለት አለቀስኩ። ሕመሙ ለቆኝ አይደለም፤ ግን ከዚያ በኋላ ብቻዬን አልያዝኩትም።

እሳቸው አልደነገጡም። አልገሠጹኝም፣ ኃጢአት ነው አላሉኝም። እኔስ እንጃ፣ ውድድር ያሸነፍኩ ይመስል «ጎበዝ! ጎበዝ፣ ኢንተላ ኮ! ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸክመሽው ነበር? በይ አውርጂው፣ ለሦስት እንይዘዋለን!» አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ከውድድር በፊት እንደሚያደርጉት እጃቸውን እያጨበጨቡ ትእዛዝ ጀመሩ። «ከአሁን ጀምሮ ብቻዋን አትቀመጥም። ሊጎዳት የሚችል ነገር ሁሉ ከዚህ ቤት ይውጣ። ሐኪም ዘንድ የምንሄደው ዛሬ ነው፤ ነገ የሚባል የለም።»

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች «ጎረቤት ምን ይላል?» አለች።

«ጎረቤት መቼም ያወራል፣ አዴ አበባ። በሰርግም ያወራል፣ በለቅሶም ያወራል። እኛ በሰርጓ እንዲያወራ እናድርገው!»

እናቴ በዚያ ሁሉ እንባ መሀል ሳቀች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ጫማዬን ራሷ አደረገችልኝ። ሚኒባስ ተሳፍረን በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወረድን። ረዳቱ «ለሦስት ሰው ቦታ የለም» ቢልም አሰልጣኝ ለሚ «እኔ እግሬን አጥፌ እቀመጣለሁ፣ አንተ ብቻ በሩን ዝጋ» ብለው ገቡ፤ ያን ሁሉ ቁመት እንዴት እንዳጠፉት እስከ ዛሬ አልገባኝም። መንገዱን ሙሉ እናቴ አንድ እጄን፣ እሳቸው ሌላውን ይዘው ነበር።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። በበጋ የበረርኩትና በክረምት የወደቅሁት በአንድ ሕመም እንደሆነ፣ ስሙም ባይፖላር እንደሚባል ነገረችን። በልጆችና በጎረምሶች ላይ ሲመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ጠባይ ነው፣ ስንፍና ነው፣ ጥጋብ ነው እያለ እንደሚያልፈው፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም አብሮ ሊመጣ ስለሚችል እንደ ቀልድ መተው እንደሌለበት አስረዳችን። መድኃኒት እንዳለው፣ ክትትሉ ግን ረዥም እንደሆነ አልደበቀችንም። እናቴ እየፈራች «ጸበሉስ?» ብላ ጠየቀች። «ይሂዱ እንጂ» አለቻት ሐኪሟ፤ «መድኃኒቱን ብቻ አታቋርጥ።»

አሰልጣኝ ለሚ ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቅቷቸው ነበር። ስም ያለው ነገር ነው! መድኃኒት ያለው ነገር ነው! ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደረደሩባት፤ ሐኪሟ እስክትስቅ ድረስ። በመጨረሻ «ታዲያ ትሮጣለች?» አሉ። «ትሮጣለች፤ መጀመሪያ ግን መተኛት አለባት» ስትላቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አላልኩም! እንቅልፍ አላልኩም!» ብለው ጮኹ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን አስገብተው አዩን።

ለቀናት እዚያው ተኝቼ ታከምኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እናቴ ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ ድፍረቱን ከየት እንዳመጡት ጠየቀቻቸው። «ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አሉ። «እንደ ትዕግስት ነበር፤ ከፍ ሲል ቤቱን የሚሞላ፣ ሲወርድ የሚጠፋ። ማናችንም አልጠየቅነውም። ክፉ ላለማውራት ብለን ዝም አልን፣ በዝምታችን ውስጥ ራሱን አጠፋ።» ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ ሲያነሱ አልሰማሁም። እናቴ ግን ያን ዕለት ከሚኒባሱ ስንወርድ በሁለት እጇ እጃቸውን ይዛ ሳመቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አማረ ብላችሁ አልዋሽም። መድኃኒቱ እስኪስማማኝ ወራት ፈጀ። ሰውነቴ ጨመረ፣ እግሬ ዘገየ። አሰልጣኝ ለሚ «አሁን ገና ነፋስ የማይወስድሽ ሰው ሆንሽ!» ይሉኝ ነበር። አንዴ «ድኛለሁ» ብዬ በራሴ ሥልጣን መድኃኒቱን ተውኩና እንደገና ወደቅሁ፤ እንደገናም መጡ፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ እንደገና ሄድን፣ እንደገና ተነሳሁ። የወረዳ ውድድር ላይ ስሮጥ ሰባተኛ ወጣሁ። ሰባተኛ! መስመሩ ላይ ስደርስ አሰልጣኝ ለሚ ባርኔጣቸውን ወርውረው፣ ቁመታቸውን ሙሉ እየዘለሉ፣ «ሰባተኛ! ሰባተኛ! ያች ናት የኔ ልጅ!» እያሉ ሜዳውን አቋረጡት። አንደኛ የወጣችው ልጅ አሰልጣኝ እንኳ እንደዚያ አልጨፈረም። ዳኛው ግራ ገብቶት ውጤቱን እንደገና አየ።

በኋላ በኋላ ሥራቸው ከሜዳው ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ እየሄዱ መምህራንን ማሠልጠን ጀመሩ፤ ብዙ ጊዜም አብሬያቸው እሄድ ነበር። የሚያስተምሩት ያንን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ሰው ቃሉን ከአፉ ማውጣት እንዴት እንደሚቸግረው ብታዩ! ሰበታ ላይ አንድ ግዙፍ የስፖርት መምህር ከጓደኛው ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ «መጥፎ ነገር… አስበህ ታውቃለህ?» አለ። አሰልጣኝ ለሚ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «መጥፎ ነገር ስንት ዓይነት ነው? እኔ ዛሬ ጠዋት የባለቤቴን ድንች ልሰርቅ አስቤአለሁ! ምን ብዬ ልመልስልህ? በስሙ ጥራው! ልጁ ሊናገረው የሚፈራውን አንተም ከፈራኸው ማን ያወጣዋል?» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መምህሩ ላቡን ጠርጎ እንደገና ሞከረ፤ በሦስተኛው «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በትክክል ጠየቀ። ሳቁ ቆመ። ወዲያ ጥግ የተቀመጠች አንዲት መምህርት ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ አየናት። አሰልጣኝ ለሚ ሄደው ከጎኗ ተቀመጡ፣ ሥልጠናው ሲያልቅም አብረዋት ወጡ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅኋቸውም።

«ልጅ ሲበርርም ጠይቁት፣ ሲወድቅም ጠይቁት» ይሉ ነበር። «መልሱን ብትፈሩም ጠይቁ። ጠይቃችሁም አትሂዱ፣ ቁጭ በሉ።»

የሰልስቱ ዕለት ሱሉልታ ድንኳኑ ሞልቶ ከውጭ የቆመው ሰው ይበዛ ነበር። ቱታ የለበሱ ልጆች፣ መምህራን፣ ያ ባለ ገብስ ማሳ አዛውንት ሳይቀሩ መጥተዋል። ሰው ስለ ደግነታቸው ተራ በተራ ይናገራል። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት፤ የነጠላዋን ጫፍ ታሻለች።

«ጎረቤቶቼ» አለች፤ «ተልባ ትልኩልኝ የነበራችሁ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ። ልጄ ጨጓራ አልነበረባትም። የታመመችው አእምሮዋን ነበር። ራሷን ልታጠፋ አስባ ነበር፣ እኔ እናቷ ከጎኗ ተኝቼ አላወቅሁም። እኚህ ሰው በዝናብ መጥተው ጠየቋት። እኔ ሟርተኛ አልኳቸው። እሷ ይኸው ቆማለች።» በእጇ አመለከተችኝና ተቀመጠች።

ኩራት ይሁን ፍርሃት ያልለየሁት ነገር መላ ሰውነቴን ወረረኝ። ከኋላችን አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን «ታዲያ ተልባው ምን ጎዳት?» ብለው በሹክሹክታ ሲናገሩ ሰማሁና በለቅሶ መሀል ሳቄ አመለጠኝ። አሰልጣኝ ለሚ በሕይወት ቢኖሩ ከኔ ብሰው ይስቁ ነበር።

ሰው ሲበተን አንድ የማላውቀው ሰው እጀጌዬን ያዘኝ። ከቡራዩ የመጣ፣ አዲስ አበባ ቢሮ እየተመላለሰ የሚሠራ አባት ነው። ግራ ቀኝ አየና ዝቅ ባለ ድምፅ «የእኔም ልጅ ጨጓራ አለባት» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

በማግሥቱ አባትየው ቤት ሄድኩ፤ ገፈርሳ አቅራቢያ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አዲስ ቤት ነው። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከወራት በፊት ሌሊቱን ስታጠናና ስትዘምር እያደረች ከክፍሏ አንደኛ ልትወጣ ነው ተብሎ ነበር፤ አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ የቀረበላት ምግብ ሳይነካ ቀዝቅዟል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሰልጣኝ ለሚ ስንት ሰው ሲያሠለጥኑ አብሬያቸው ቆሜ፣ ቃሉ አልወጣልኝ አለ! እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ እሳቸው የሉም። ከዚያ ጠየቅኋት፣ በስሙ ጠርቼ። ጠይቄም አልተነሳሁም፤ ቁጭ አልኩ። ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አዎ ማለቷ ነው። በዚያው ቀን ከአባቷና ከእናቷ ጋር ሆነን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

ኮች፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ሰው ሁሉ ሩጫዎን ጨርሰዋል ይልዎታል፤ እኔ እንዲህ ያለ የለቅሶ ቤት ቃል አልወድልዎትም፣ እርስዎም አይወዱትም ነበር። ሞተዋል። በስሙ ልጥራው፤ ሞተዋል፣ እኔም በጣም ተናድጃለሁ፣ በጣምም ናፍቀውኛል። ለእርስዎ የምነግረው ወሬ ሲኖረኝ የማወራለት ሰው አጥቼ እየተንቆራጠጥኩ ነው፤ ምክንያቱም ወሬ አለኝ! ልጅቷ ከሐኪም ቤት ወጥታለች። መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ገና ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይህን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። እናቷ ስልኩን አንስታ ምን አለችኝ መሰለዎት? «ከታናሽ ወንድሟ ጋር በእንቁላል ተጣልታ ቤቱን አናውጣዋለች!» አለችኝ። ከወዲያ ልጅቷ «የኔ ነበር! ልብላው ብዬ ነው ያስቀመጥኩት!» እያለች ስትጮህ ሰማኋት። ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ በደስታ ጮህኩ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደህና ይሁኑ፣ ኮች። እንቁላሏን ፈልጋለች።